የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ዴክ የሚመረጠው ለምንቀመጥበት ጠረጴዛ ነው

ባለፈው እሁድ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርድ ጨዋታ ስንጫወት፣ ሁለተኛው ዙር ላይ 4 ነፍስ ቀርቶኝ ነበር፤ ነፍስ ማለት ሲያልቅ የምትሸነፍበት ነጥብ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነው። መሬቶቹን (ለድግምት የሚከፈለውን ማና የሚሰጡትን ካርዶች) ሁሉ ተጠቅሞባቸዋል፤ እጁ ላይ የቀረችው አንድ ካርድ ብቻ ናት። እኔ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ኒንጃና አንድ ስፕራይት የሚባሉ የሚዋጉ ፍጡሮች አሉኝ፤ ተራው ሲደርሰኝ እጨርሰዋለሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁለት ተራሮቹን (የቀይ መሬቶች ናቸው) አነሳና መቃብሩ ላይ፣ ማለትም ያለቀላቸው ካርዶች የሚከመሩበት ላይ፣ አስቀመጣቸው። "ፋየርብላስት" አለ። 4 ጉዳት። አለቀ።

ካርዱን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፋየርብላስት ማና ባይኖርህም ሁለት ተራራ ከሰዋህ የሚወጣ የቀይ ድግምት ነው። ይህንን በአንድ ማና የሚያከሽፍ ሃይድሮብላስት የሚባል ሰማያዊ ካርድ አለ። ከ75 ካርዶቼ ውስጥ ሁለቱ እሱ ነበሩ። ሁለቱም ሳይመጡ ቀሩ። አጠገቤ ባለው የሳይድቦርድ (የመቀየሪያ ካርዶች) ሳጥን ውስጥ ግን አራት ፓይሮብላስትና ሦስት ሬሊክ ኦፍ ፕሮጀኒተስ ተኝተዋል። አራቱ ሰማያዊ ዴክን (ዴክ ማለት ተጫዋቹ ይዞት የሚመጣው የካርድ ስብስብ ነው) ለመምታት ናቸው፣ ሦስቱ የሰው መቃብር ለማጽዳት። ቀይ ዴክ የያዘ ሰው ፊት ለፊት ሲቀመጥ ሰባቱም ባዶ ወረቀት ናቸው።

ያንን ዝርዝር ያወረድኩት ከኢንተርኔት ነው። ኦንላይን ውድድር ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ ሰው የተጫወተበት ነው፤ አንዲት ካርድ ሳልቀይር አሳተምኩት። ሰውዬው አልተሳሳተም። እሱ በሚጫወትበት ቦታ ሰማያዊ ዴክ ሞልቷል፣ መቃብሩን እንደ ጎተራ የሚጠቀም ዴክም ሞልቷል። ለዚያ ተዘጋጀ፣ አሸነፈ። እኔ የምገጥመው ግን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ኮሙናል ውስጥ የሚቀመጡትን 11 ሰዎች ነው። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ" ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ግን የሌላ አገር በሬ ጎትቼ መጣሁ።

ይህ ጉዳይ ሳምንቱን ሙሉ ከራሴ አልወጣ ስላለ ነው ዛሬ የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለጨዋታው ጥቂት ልበል። ማጂክ ዘ ጋዘሪንግን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል የሒሳብ ሰው ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ዴክ ከቤቱ ሠርቶ ይመጣል። ቢያንስ 60 ካርድ፣ ከተራ መሬት በስተቀር ከአንድ ዓይነት ካርድ ከአራት በላይ አይፈቀድም። ሁለታችንም በ20 ነፍስ እንጀምራለን። ከሦስት ሁለት ያሸነፈ ዙሩን ይወስዳል፣ በጨዋታዎቹ መካከል ደግሞ ከ15 ካርድ ሳይድቦርድ እያወጣህ መቀየር ትችላለህ። እኛ የምንጫወተው ፓውፐር የሚባለውን ዓይነት ነው። እዚያ ውስጥ የሚፈቀደው "ኮመን" ተብሎ የታተመ ካርድ ብቻ ነው፣ ማለትም በየፓኬቱ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ርካሹ። ለብዙ ዓመት ኦንላይን ሲጫወቱት ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2019 በወረቀትም በኦንላይንም አንድ ወጥ ሕግ ተሰጠው።

ርካሽ ቢሆንም እዚህ የሚሸጥ ሱቅ አላውቅም። ስለዚህ ራሳችን እናሳትማለን። ካርዱ 63 በ88 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዘጠኝ ይገባል። ቆርጠን ላስቲክ ልባስ ውስጥ እንከተዋለን፣ ከኋላው ድጋፍ እንዲሆን አሮጌ ካርታ እናደርጋለን። ኮንከር የተጫወቱበት፣ ጠርዙ ያለቀ ካርታ ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፣ ልኩም ይገጥማል። ይፋዊ ውድድር ላይ እንዲህ ያለ ካርድ አይፈቀድም፣ ትክክልም ነው። እኛ ግን አንሸጥም፣ ገንዘብም አናስይዝም። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያለው ልጅ አሁን ገና ስንገባ ሲያየን ማሽኑን ወደ ከለር ይቀይረዋል።

የምንገናኘው ኮሙናሉ ውስጥ ነው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ካለ፣ ወይም ዕድሩ ስብሰባ ከጠራ፣ ወንበራችንን ይዘን ደረጃ ሥር እንገባለን። ቱሉ ዲምቱን የምታውቁ ነፋሱን ታውቃላችሁ፤ ደረጃ ሥር ስንጫወት ካርዱ ላይ ጠጠር እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። "ሜታ" የሚባለውን ቃል ልጆቹ ሲጠሩት እንደ አየር ንብረት ነው የሚያወሩት፤ ከላይ የመጣ፣ ማንም የማይነካው ነገር። "ሜታው አሁን ሰማያዊ ነው" ይላሉ። የት? ለማን? ሜታ ማለት በዚያ ቀን፣ በዚያ ክፍል፣ ማን ምን ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ሌላ ትርጉም የለውም። አንድ ሺህ ሰው ሲጫወት መቶኛ ይወጣለታል፣ ሠንጠረዥ ይሠራለታል። 12 ሰው ሲጫወት ግን ሜታው ስም አለው፣ ሥራ አለው፣ ታክሲ አጥቶ ሊቀርም ይችላል።

የእኛን ላስቆጥራችሁ። እኔን ሳይጨምር 11 ነን። አምስቱ ቀይ ይጫወታሉ። ቀይ ርኅራኄ የለውም፦ ላይትኒንግ ቦልት በአንድ ማና 3 ጉዳት፣ ቼይን ላይትኒንግ እንዲሁ፣ ትናንሽ ጎብሊኖች ከመጀመሪያው ተራ ጀምረው ይሮጣሉ፣ ፋየርብላስት ደግሞ መጨረሻውን ይዘጋል። ሦስቱ አረንጓዴ ኤልፍ ናቸው። ሊያኖዋር ኤልቭስ ማና ይሰጣል፣ ፕሪስት ኦፍ ታይታኒያ ጠረጴዛው ላይ ባሉት ኤልፎች ቁጥር ልክ ማና ይሰጣል፤ ሁለት ተራ ከተውካቸው ጠረጴዛው እንደ ሰኔ ሣር ይሸፈናል። ሁለቱ ሰማያዊ ናቸው፣ እያከሸፉ፣ ካርድ እየሳቡ፣ ቀስ ብለው የሚገሉ። አንዱ አፊኒቲ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሚሮዲን ከሚባለው ስብስብ ጋር የወጡት የብረት መሬቶች የሚሠሩት ዴክ ነው፤ ሰባት ማና የሚያወጣው ማየር ኢንፎርሰር በእያንዳንዱ የብረት ዕቃ አንድ አንድ እየቀነሰ በነፃ የሚወርድበት ጊዜ አለ።

የእኔ ዴክ ሰማያዊና ቀይ ነው። ስፔልስታተር ስፕራይት አለው፣ ትንሽ የምትበር ፍጡር ሆና ስትገባ የሰው ድግምት ታከሽፋለች። ኒንጃ ኦፍ ዘ ዲፕ አወርስ አለው፣ በመታ ቁጥር ካርድ ያስስባል። ካውንተርስፔል፣ ላይትኒንግ ቦልት፣ ስክሬድ አለው። ይህንን ዴክ እወደዋለሁ። ሁሉም ተራ ላይ ውሳኔ አለው፦ መሬቴን ክፍት አድርጌ ልጠብቅ ወይስ አሁን ልምታ? ስፕራይቷን አሁን ላውርድ ወይስ ለትልቁ ድግምት ላስቀምጣት? ግን ዴክን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ ለእሁድ ትክክለኛ መሆኑ ሌላ ነገር።

ደብተር አለኝ። ማን ከማን ጋር ተጫውቶ ማን እንዳሸነፈ እጽፍበታለሁ። በዚያ በተገለበጠው ዝርዝር ከቀይ ጋር ከ10 ጨዋታ 4 አሸነፍኩ። ከኤልፍ ጋርም 4። ከሰማያዊ ጋር 7፣ ከአፊኒቲ ጋር 6። ሰማያዊ ላይ 7 ሲታይ ያኮራል፤ አራቱ ፓይሮብላስት ሥራቸውን ሠርተዋል። ግን በሰው ቁጥር አባዙት። አምስት ቀይ በ4፣ ሦስት ኤልፍ በ4፣ ሁለት ሰማያዊ በ7፣ አንድ አፊኒቲ በ6፤ ደምሩና ለ11 አካፍሉ። ከ100 ጨዋታ 47 ገደማ ነው። ማለትም በዚያ ኮሙናል ውስጥ ቁጭ ባልኩ ቁጥር ከማሸነፍ ይልቅ ወደ መሸነፍ አዘንብያለሁ፣ የዓለም ምርጥ የተባለውን ዴክ ይዤ።

በተቃራኒው ዝርዝሩን ለእኛ ክፍል ባስተካክለውስ? ከቀይና ከኤልፍ ጋር ከ10 ወደ 6 ከፍ ቢልልኝ፣ ለዚያ ብዬ ከሰማያዊና ከአፊኒቲ ጋር ወደ 5 ብወርድ፣ ድምሩ ከ100 ወደ 57 ይወጣል። ጠንካራ ጎኔን አሳልፌ ሰጥቼ ነው የማተርፈው። ይሄ መጀመሪያ ሲታይ ልብ አይቀበለውም። ሰማያዊን 7 ለ3 መምታት ደስ ይላል። ነገር ግን ሰማያዊ የሚጫወቱት ሁለት ናቸው፣ በአራት ዙር ውስጥ አንዳቸውን እንኳ ላልገጥም እችላለሁ።

ደብተሩን ለቲቸር አሳየሁት። ቲቸር እዚያው አካባቢ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሰማያዊ የሚጫወት ሰው ነው። መነጽሩን አወለቀና ዝም ብሎ አየው።

"አንተ ልጅ፣ 10 ጨዋታ እኮ ምንም አይደለም" አለኝ። "ሳንቲም አሥር ጊዜ ብትወረውር አንበሳው ስድስትና ከዚያ በላይ የሚወጣበት ዕድል ወደ 38 በመቶ ነው። በዚህ ላይ ቤት ትሠራለህ?"

"እና ምን ላድርግ ቲቸር? መቶ መቶ ጨዋታ እስክጫወት ልጠብቅ?"

"አትጠብቅ። ቁጥሩን ግን ብቻውን አትመን። ለምን እንደተሸነፍክ ጻፍ። ካርድ ስላልመጣልህ ነው? ተሳስተህ ነው? ወይስ ያለህ ካርድ ሁሉ ቢመጣም አታሸንፍም ነበር?"

ሦስተኛው ጥያቄ ነው የያዘኝ። ተመልሼ ሽንፈቶቼን አንድ በአንድ አየሁ። ከኤልፍ ጋር የተሸነፍኳቸው አብዛኞቹ ጨዋታዎች ላይ አልተሳሳትኩም። በእጄ ያለው በሙሉ አንድ በአንድ የሚገድል ነው፣ እነሱ ደግሞ በተራ ሦስት አራት ያወርዳሉ። ኤሌክትሪከሪ የሚባል ቀይ ካርድ አለ። በአንድ ማና አንድ ፍጡር ላይ 1 ጉዳት ያደርሳል፤ ሦስት ማና ከከፈልክ ግን የተቃራኒህ ፍጡሮች ሁሉ ላይ 1 ጉዳት ነው፣ የአንተን አይነካም። ኤልፎች በአብዛኛው 1 ብርታት ነው ያላቸው። አንድ ካርድ ማሳውን ያጭደዋል። እኔ ከ75ቱ ውስጥ ስንት ነበረኝ? አንድ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሳይድቦርድ ሲሠራ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይሄ ነው። ለሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ማድረግ ብልህነት ይመስላል። ለቀይ ሁለት፣ ለኤልፍ ሁለት፣ ለመቃብር ሁለት። ለማንም ያልተዘጋጀ አይመስልም። ሒሳቡ ግን እንዲህ ይላል። 60 ካርድ ውስጥ ሁለት የምትፈልገው ካርድ ካለ፣ ከመጀመሪያው ሰባት ካርድ ውስጥ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልህ 22 በመቶ ነው። አራት ከሆነ 40 በመቶ። ስድስት ከሆነ 54 በመቶ ይደርሳል። ቀይ ዴክ በአራተኛና በአምስተኛ ተራ የሚጨርስህ ከሆነ 22 በመቶ ማለት ከአምስት ጨዋታ በአራቱ ያለ ጋሻ መቀመጥ ማለት ነው። ሁለተኛ ሆነህ ጀምረህ እስከ አራተኛው ተራ 11 ካርድ ብታይ እንኳ ሁለቱ ወደ 34 በመቶ ነው የሚደርሱት። አራቱ 56 ከምናምን።

ስለዚህ ማመን ያስፈልጋል። የምትፈራውን ለይተህ እሱ ላይ መጫን፣ ሌላውን ደግሞ "እሱ ከመጣብኝ እሸነፋለሁ" ብሎ መቀበል። ይሄ መቀበል ነው የሚያስቸግረው። እኔ ሬሊኮቹን ሦስቱንም አወጣኋቸው። እኛ ክፍል ውስጥ መቃብሩን የሚጠቀም ዴክ የለም። ነገ አንድ ሰው ይዞ ቢመጣ ያሸንፈኛል። ያሸንፈኝ።

አዲሱ ሳይድቦርዴ ይኸው፦ አራት ሃይድሮብላስት፣ ሁለት ብሉ ኤለሜንታል ብላስት (ሥራቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ ስሙ ሌላ ስለሆነ ከአራት በላይ ለማድረግ ይጠቅማል)፣ ሦስት ኤሌክትሪከሪ፣ ሁለት ብሬዝ ዌፐን (እሱም ብዙ ፍጡር በአንዴ የሚመታ ነው)፣ ሁለት ፓይሮብላስት፣ ለአፊኒቲ ሁለት ስማሽ ቱ ስሚዘሪንስ። 15። ሰማያዊ ላይ የነበረኝን ጉልበት ግማሹን ሸጬ ነው ይሄን የገዛሁት።

ይህንን ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የ1996ቱ የዓለም ሻምፒዮና ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። በዚያ ዓመት ኔክሮፖተንስ የምትባል ጥቁር ካርድ ነበረች። ነፍስህን ከፍለህ ካርድ ትስባለህ። ከሷ ጋር የሚሠራው ጥቁር ዴክ ውድድሩን ሁሉ ስለተቆጣጠረው ወቅቱን እስከ ዛሬ "ጥቁሩ በጋ" ብለው ይጠሩታል። አብዛኛው ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ነው የታየው፦ ወይ እሷን መጫወት ወይ በእሷ መሸነፍ። ቶም ቻንፌንግ የሚባል አውስትራሊያዊ ግን ነጭ ትናንሽ ባላባቶችን ይዞ መጣ። ኋይት ናይት፣ ኦርደር ኦፍ ላይትበር፣ ኦርደር ኦፍ ዘ ኋይት ሺልድ፤ ሦስቱም ከጥቁር የተጠበቁ ናቸው፣ የጥቁር ድግምት አይነካቸውም፣ ጥቁር ፍጡር አያግዳቸውም። በመጨረሻው ግጥሚያ ማርክ ጀስቲስን ከነኔክሮው አሸነፈና ዋንጫውን ወሰደ።

ከዚህ ታሪክ የምወደው ሌላ ነገር አለ። ቻንፌንግ ዴኩ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ካርድ ነበረችው፣ ሰማያዊ ማና የሚሰጡትን መሬቶች ግን ሲመዘግብ ረሳቸው። ስለዚህ ያቺን ካርድ ቢስባትም ሊጠቀምባት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ስሕተት ይዞም የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ ምክንያቱም የቀሩት ካርዶች ፊቱ ለሚቀመጠው ሰው ልክ ነበሩ።

የዓለም ዝርዝርና የእኛ ጠረጴዛ የሚለያዩበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እገዳ። ፓውፐር ውስጥ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ገሽ፣ ጊታክሲያን ፕሮብና ዴይዝ በአንድ ቀን ታገዱ፣ ሰማያዊው ዴክ ጉልበቱ ተቀነሰ። በታኅሣሥ 2023 ሞናስተሪ ስዊፍትስፒር ታገደች፣ በመጋቢት 2025 ደግሞ ኩልዶታ ሪበርዝ። ሁለቱም የቀይ ናቸው። ውጭ አገር እገዳ ሲመጣ በሳምንት ውስጥ ሁሉም ሰው ዴክ ይቀይራል፤ ኦንላይን ካርድ መቀየር ቀላል ነው። እኛ ጋ አይደለም። ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ኩልዶታ ሪበርዝ ታገደች ሲባል ሁለት እሁድ አልመጣም። ቲቸር ደውሎለት ነው የተመለሰው። ተመልሶም ያደረገው ምንድን ነው? አራቱን አውጥቶ ሌላ አራት ቀይ ካርድ አስገባ። ቀይ ነው፣ ቀይ ሆኖ ይኖራል። "እኔ ሥራ ላይ እጠብቃለሁ፣ ጨዋታ ላይ አልጠብቅም" ብሎኛል አንድ ቀን። ቀኑን ሙሉ ተራ ይዞ ሰልፍ ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ምክንያት ይበቃል።

ይሄ ለእኔ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ መረጃ ነው። ትልልቅ ውድድር ላይ "ሰዎች ቀይን ለመምታት ስለተዘጋጁ ቀይ ተጫዋቾች ይቀይራሉ፣ ስለዚህ ቀይን የሚመታውን የሚመታ ልያዝ" እያሉ ሁለት ሦስት ደረጃ ወደፊት ያስባሉ። እኛ ክፍል ውስጥ እንደዚያ ማሰብ ራስን መሸወድ ነው። ማንም አይቀይርም! ዘጠኝ ገጽ ከለር ማሳተም ገንዘብ ነው፣ መቁረጡም አንድ ማታ ይፈጃል። በዚያ ላይ ሰው ዴኩን ይወደዋል። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ነርስ ኤልፎቿን በሌላ ልትቀይር ትችላለች ብሎ የሚገምት ሰው አያውቃትም ማለት ነው። ከአዳር ሥራ ወጥታ ሳትተኛ የምትመጣው ለእነሱ ነው። አንድ ቀን "እህቴ፣ አፊኒቲ ብትሞክሪ እኮ ይሻልሽ ነበር፣ ትችያለሽ" ብላት "ልጆቼን ጥዬ?" አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ የደረደረቻቸውን ኤልፎች ማለቷ ነው።

ከቀየሩም ካርድ ነው የሚቀይሩት፣ ዴክ አይደለም። እዚያ ላይ ነው መጠንቀቅ ያለብኝ። አንዴ ስድስት ብላስት ይዤ ከመጣሁ ቀዮቹ ይሰማሉ። በሚቀጥለው እሁድ ባጃጅ ነጂው ዋናዋን ድግምት ወዲያው አያወጣም፤ መጀመሪያ ትንሿን ይወረውርልኛል፣ እኔ ባከሽፋት ትልቋ ትከተላለች። ነርሷ ደግሞ ኤሌክትሪከሪ እንዳለኝ ካወቀች እጇን በሙሉ አታወርድም፤ ሁለት ሦስት ኤልፍ ታስቀራለች። ይህ ለእኔ ኪሳራ አይደለም። ኤልፍ ዴክ ግማሽ ፍጥነቱን ከቀነሰልኝ ካርዱ ባይመጣልኝም ሥራውን ሠርቷል። እንግዲህ በትንሽ ክፍል ውስጥ ሳይድቦርድህ የሚታወቅ ነገር ነው፣ መታወቁንም መጠቀም ይቻላል።

ቲቸር በዚህ በሙሉ አይስማማም። የእሱ እምነት ሌላ ነው። አምስት ዓመት አንድ ዴክ፣ ሞኖ ሰማያዊ፣ ነው የተጫወተው። "እርስዎ ግን ለምን አይቀይሩም? አምስት ቀይ ባለበት ቤት ሰማያዊ ብቻ ይከብዳል እኮ" አልኩት። "እኔ የማላውቀው ሁኔታ የለም" አለኝ። "አንተ ዴክ ስትመርጥ እኔ እጄን እመርጣለሁ። መጥፎ ሰባት ካርድ ሲመጣልኝ መልሼ እበውዛለሁ፣ አንተ ግን 'ምናልባት' ብለህ ትይዛለህ። ከዴክ የምታገኘውን ሁሉ እዚያ ትጥለዋለህ።"

ልክ ነው። ያን እሁድ በፋየርብላስት ከመሸነፌ በፊት ሁለተኛው ጨዋታ ላይ አንድ መሬትና ስድስት ድግምት ይዤ ቀጥያለሁ። ሁለተኛውን መሬት ያየሁት አራተኛ ተራ ላይ ነው። እሱን ጨዋታ ሳይድቦርድ አልገደለውም። ቢሆንም አልተወኩለትም፤ ቲቸር አምስት ዓመት ያጠራቀመው እውቀት ቀዮቹን ጭምር ማወቁ ነው። ማን እንደሚቸኩል፣ ማን ፋየርብላስት ሲይዝ ተራሮቹን በጣቱ እንደሚነካካ ያውቃል። እሱ "ዴኬን አውቃለሁ" ይላል እንጂ የሚያውቀው እኛን ነው። ይህንን ስነግረው ሳቀና ሻዩን አነሳ። እኔ የማስበው ያንኑ ነገር ነው እሱ በሌላ በኩል የደረሰበት።

አሁን አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በሚቀጥለው እሁድ እንመጣለን ብለዋል። እዚሁ ጎረቤታችን ናቸው፣ ግን ምን እንደሚጫወቱ ማንም አያውቅም። ስልክ ላይ ሲለማመዱ የቆዩ ናቸው፣ ስለዚህ የውጭውን ዝርዝር ይዘው የመምጣታቸው ዕድል ሰፊ ነው፤ ያ ማለት ሰማያዊ፣ ያ ማለት መቃብር። ያወጣኋቸው ሬሊኮች ትዝ አሉኝ።

ሁለት ቀን አሰብኩበት። የማታውቀው ሰው ሲበዛ መልስ ይዞ መሄድ አደጋ አለው፣ ምክንያቱም መልስ ጥያቄው ሲታወቅ ነው የሚሠራው። ያኔ ራስህ ጥያቄ ሆነህ መሄድ ይሻላል፦ ፈጣን፣ ቀጥተኛ፣ "ይህንን መልስልኝ" የሚል ዴክ። ክፍሉ በሙሉ እንግዳ ቢሆን ኖሮ እኔም ቀይ ይዤ እሄድ ነበር፣ ምንም አላመነታም። እንግዶቹ ግን ከ15 ተቃራኒ 4 ናቸው። አሥራ አንዱ የማውቃቸው ናቸው። ለአራት እንግዳ ብዬ አሥራ አንድ የቤት ሰው አልረሳም።

ስለዚህ ሰማያዊና ቀዩ ይሄዳል፣ ሳይድቦርዱም ከላይ እንደጻፍኩት ነው፣ ከአንድ ነገር በስተቀር። 75 ካርድ ስታሳትም ስምንት ገጽ ይሞላና ዘጠነኛው ላይ ሦስት ብቻ ይቀራሉ። ስድስት ባዶ ቦታ። ብዙ ጊዜ እንደዛው ነጩን እቆርጠዋለሁ። ዛሬ ማታ ግን ስድስቱንም ሞላኋቸው፦ ሦስት ሬሊክ፣ ሁለት ፓይሮብላስት፣ አንድ ኤሌክትሪከሪ። እኛ ጋ ዝርዝር ለቲቸር የሚሰጠው ዙሩ ሊጀመር ሲል ነው፣ ከዚያ በኋላ አይነካም። እሁድ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ቀድሜ እሄዳለሁ። ወንበር እደረድራለሁ፣ እንግዶቹን ሻይ እጋብዛለሁ፣ ስለ ጨዋታው አወራቸዋለሁ። ከአራቱ ሁለቱ መቃብራቸውን የሚወዱ ከሆነ ሁለቱ ብሬዝ ዌፐን ወጥተው ሁለት ሬሊክ ይገባሉ። ካልሆነ ሬሊኮቹ ሳጥን ውስጥ ይቀራሉ። ስድስቱ ሃይድሮብላስትና ብሉ ኤለሜንታል ብላስት ግን ማንም ቢመጣ አይነኩም፤ ባጃጁ ከበሩ ፊት ቆሞ ሳየው ስድስቱም እጄ ላይ እንዳሉ አድርጌ ነው የምገባው።